የሰላማዊት የወተት ጥርሶች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ኖሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። አሁን ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገረው።

በደርግ ጊዜ እህቴን አልማዝን የቀበሌ ጠባቂዎች ሲወስዷት ልጇ ሰላማዊት ስምንት ወሯ ነበር። አባቷን ቀደም ብለው ወስደውት ወሬው ጠፍቷል። አልማዝ ልጇን ከጡቷ አላቅቃ እቅፌ ላይ አኖረቻትና «አደራ» አለችኝ። ሌላ ቃል ለመናገር ጊዜ አልሰጧትም። እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ልደታ፣ ከአብነት ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ዩኒፎርም እየሰፋሁ እኖር ነበር።

ልጅቷ ጡት ፍለጋ ታለቅሳለች። ባዝላት፣ ባባብላት ዝም አትልም። ሥራው ደግሞ በቀኑ ካልደረሰ ይወሰድብኛል። አንድ ቀን ሻይ አቀዝቅዤ፣ ስኳር ጨምሬ በጡጦ ሰጠኋት። ጠባች፤ ዝም አለች፤ ጡጦውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ተኛች። እፎይ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ያለ ጡጦ አስተኝቻት አላውቅም። ስኳር የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ በራሽን ነበር፤ የራሴን ድርሻ ሳልቀምስ ለእሷ አስቀምጥ ነበር። ይህን እንኳ እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ነበር።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ነበሩ፤ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ የወሎ ሴት። ከሰዓት በኋላ ሰላማዊትን ይይዙልኛል። ብቅ ብቅ ያሉትን ጥርሶቿን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠርጉላታል። «ልጄ፣ ጣፋጭ ነገር ይዛ አትተኛ፤ ውሃ ስጫት» ይሉኛል። እኔም «እሺ» እላለሁ። እሺ ብቻ።

ሁለት ዓመት ሲጠጋት የፊት ጥርሶቿ ከድዱ ሥር እንደ ጠመኔ ነጡ፤ ቀጥሎ ቢጫ ሆኑ፤ ቀጥሎ ቡናማ። ትል በላቸው ብዬ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም።

«ትል አይደለም» አለችኝ። «ስኳሩ ጥርሷ ላይ ሲቆይ አፍ ውስጥ ያሉ ጀርሞች ይመገቡትና አሲድ ያወጣሉ፤ ጥርሱን የሚያሟሟው እሱ ነው። ስትተኛ ምራቋ ስለሚቀንስ አያጥበውም። ጡጦ ይዛ አታስተኛት፤ ሲጠማት ውሃ ስጫት። ጠዋትና ማታ ጥርሷን አጽጂላት። ደግሞ ነገ ይወልቃል ብለሽ የወተት ጥርስን አትናቂ፤ ቁስሉ ሥሩ ድረስ ከገባ ሌላ አደጋ ያመጣል።»

እንግዲህ አወቅሁ። ካወቅሁ በኋላስ ምን አደረግሁ? ሦስት ቀን ውሃ ሰጠኋት፤ ሦስት ቀን ጮኸች። በአራተኛው ቀን ስኳሩን መለስኩት። ሳላውቅ ያደረግሁትን እግዜር ይተውልኝ ይሆናል። እያወቅሁ ያደረግሁትን ግን በየትኛው አፌ ይቅር በለኝ ልበለው? ደርግ አላጠጣትም። ችግር አላጠጣትም። እኔ ነኝ ያጠጣኋት።

ሦስተኛ ዓመቷን ሳትደፍን ጉንጯ አብጦ ዓይኗ ተዘጋ። ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል። አዝዬ ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። መግሉን አፍስሰው ስድስት ጥርስ ነቀሉላት። እጆቿን አጥብቄ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «እማ፣ ልቀቂኝ» ትለኛለች። እማ የምትለው እኔን ነበር።

ተረፈች። ግን ከዚያ ወዲያ አፏን በመዳፏ ሳትሸፍን አትስቅም። የሰፈር ልጆችም «አሮጊቷ» ይሏት ጀመር።

አልማዝ በአራተኛው ዓመት ተፈታች። ልጇን አቅፋ አልቅሳ ሲወጣላት፣ የልጇን መዳፍ ከአፏ ላይ አነሳች።

«ጥርሷን ምን ነካው?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ በቂ ነበር። እኔ ግን እንዲህ አልኩ፦ «እኔ ሥራ ላይ ስሆን እትዬ ዘይነባ ናቸው የሚይዟት። ስኳር እያጠጡ አስለመዷት። ተዉ ብላቸው አልሰሙኝም።»

ተነስታ ወጣች። ተከተልኳት። በራቸው ላይ ቆማ «እኔ እስር ቤት ሆኜ ልጄን እንዲህ ያደርጓታል?» ብላ ጮኸችባቸው። እትዬ ዘይነባ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ። አንድ ቃል ቢናገሩ አልቆልኝ ነበር። ዓይናቸውን ወደ እሷ መልሰው «አጥፍቻለሁ ልጄ፤ አፉ በይኝ» አሏት።

በማግሥቱ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ለምን?» አልኳቸው።

«አንቺ ከእሷ ሌላ ማን አለሽ? እሷስ ከአንቺ ሌላ ማን አላት?» አሉኝ። «ስትበረቺ ራስሽ ትነግሪያታለሽ።»

ዘጠኝ ዓመት ጠበቁኝ። አልበረታሁም። አልማዝ እዚያው ከእኔ ጋር እየኖረች ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳትላቸው በደጃቸው ታልፍ ነበር፤ ሰላማዊትንም ወደ እሳቸው እንዳትሄድ ከለከለቻት። ልጅቷ ግድግዳውን በጣቷ ቆርቆር ስታደርግ እሳቸው ከወዲያ በኩል መልሰው ይቆረቁሩላታል። ይህን እየሰማሁ እሰፋ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነው እየሰማ የሚሰፋ?

ደርግ ሊወድቅ ሲል እትዬ ዘይነባ አረፉ። አልማዝ በራችንን ዘግታ ተቀመጠች። እኔ ሄጄ አለቀስኩ። ሴቶቹ «እንዴት ትወዳቸው ኖሯል!» ተባባሉ። አላረምኳቸውም።

ወጣት ነበርኩ፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ጊዜው ክፉ ነበር አልልም። በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ግቢ፣ እትዬ ዘይነባም ነበሩ።

አልማዝ ዛሬም በሕይወት አለች፤ ዓይኗ ደክሞ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ይህን የጻፍኩትን ቁጭ ብዬ በራሴ ድምፅ ላነብላት ነው። ይቅር ትበለኝ ብላችሁ አትጸልዩልኝ። ይቅር ብትለኝም የማን ይቅርታ ይሆናል? የተበደሉት ሴት ከመሬት በታች ናቸው፤ እኔም ደጃቸው ድረስ ሄጄ ልጠራቸው አልችልም።