ካሲሚራ ፓኬጅ ስትቀይር

ጎረቤቴ ካሲሚራ ሪያስኮስ በቡዌናቬንቱራ ወደብ የታወቀች አዋላጅ ናት። የሰው ወሬ ሰምታ እንዲሁ አምና አታውቅም። እርጉዝ ሴት «ምንም አላመመኝም» ብትላት እጇን ሆዷ ላይ ሳታሳርፍ አትለቃትም። ዓሣ ሻጭ «ዛሬ የተያዘ ነው» ካላት ዓይን ዓይኑን ታያለች፤ የዓሣውንም የሰውየውንም። ይህ ጥርጣሬዋ ብዙ እናቶችን አትርፏል፣ ባሎቻቸውን ግን አሳብዷል።

በወንዙ ዳር መንደሮች ያሉ ሴቶች ስልክ ከያዙ ወዲህ ያበጠ እግራቸውን፣ የገረጣ ከንፈራቸውን በቪዲዮ ያሳዩዋታል። እሷም መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ «ወደ ብርሃኑ ዙሪ እንጂ! እጅሽን አንሺ!» እያለች ትጮኻለች። በዚህ የተነሳ ወሩ ገና ሳይጋመስ የዳታ ፓኬጇ ሊያልቅ ደረሰ። ወዲያው ከስልክ ድርጅቱ አንድ ወጣት ደወለላት።

«ዶኛ ካሲሚራ፣ ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ፓኬጅ ላሳድግልዎት። እርስዎ ‹እሺ› ብቻ ይበሉኝ።»

ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

«ምነው?» አልኳት።

«ድምፁ ማር ነዋ! እንዲህ ያለ ድምፅ የነበረው ሰው ‹እሺ በይኝ› ብሎኝ እሺ ብለው፣ አምስት ልጅ ጥሎብኝ ሄደ።»

ይሁን እንጂ ትልቁ ፓኬጅ የግድ አስፈልጓታል። ምስክር ትሆኚኛለሽ ብላ እኔን አስከትላ ወደ ስልክ ድርጅቱ ሱቅ ሄደች። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ዩርሌዲ የምትባል ፊቷ የማይፈታ ልጅ ነበረች። ኮምፒውተሯን አየት አደረገችና ድምፅዋን ቀነሰች።

«ዛሬ ባይቀይሩ ይሻላል።»

«ለምን?»

«በወሩ መሃል ሲቀይሩ ከድሮው ፓኬጅ የሚታሰብልዎት የግማሽ ወር ዳታ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ የሙሉ ወሩን ሊጨርሱት ምንም አልቀረዎትም። ከግማሹ በላይ የተጠቀሙት ሁሉ እንደ ትርፍ ተቆጥሮ በውድ ይጫንብዎታል። ለውጡን ከሚቀጥለው የሂሳብ ወር መጀመሪያ ላስይዝልዎት፤ እስከዚያ ዳታውን አጥፍተው በድምፅ ብቻ ይደውሉ።»

ካሲሚራ ልጅቷን እንደ በሽተኛ አተኩራ አየቻት። «አንቺ ሻጭ አይደለሽ? አትግዢ የሚል ሻጭ የት ነው ያለው? ምን ታገኚበታለሽ?»

«ምንም። የማገኘውማ ዛሬ ቢፈርሙ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ሰልፉ እየጠበቀ ነው እማማ። ላስይዘው ወይስ ይቅር?»

«ይቅር!» ብላ እጄን ጎትታኝ ወጣች። «የሆነ ነገር ደብቃለች። ስታወራ ዙሪያዋን ስትገላመጥ አላየሻትም?»

እበሩ ላይ እንደቆምን በእኔ ስልክ ወደ ድርጅቱ ደወለች። ሌላ ማር ድምፅ አነሳ። ዛሬ መቀየር ምንም ችግር የለውም አላት።

«እስከ ዛሬ የተጠቀምኩትስ ምን ይሆናል?»

«እሱን ሲስተሙ ያስተካክለዋል» አለ።

«ሲስተም ማነው? የማን ልጅ ነው?» ብላ ዘጋችው። ተመልሳ ገባችና ዩርሌዲ ለውጡን ለሚቀጥለው ወር እንድታስይዝላት ነገረቻት። ማረጋገጫው በመልእክት እስኪደርሳት ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለችም። ዳታውንም እዚያው አጠፋች። ያም ሆኖ ልጅቷን አላመነቻትም። አመሰግናለሁ እንኳ አላለቻትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። በድምፅ ብቻ ስታማክር እንደታሰረች ሰው ትቁነጠነጥ ነበር። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ከራፖሶ ወንዝ የአንዲት እርጉዝ ባል ደወለ።

«ኤውፌሚያን ራሷን ትንሽ አሟታል። ፊቷም ትንሽ ሞላ ብሏል። ደህና ናት ግን።»

«‹ትንሽ› በማን ዓይን? አሳየኝ!»

«ዳታው!» አልኳት እኔ ከጎኗ።

«ዳታው ገደል ይግባ!» አለችና ከፈተችው።

የኤውፌሚያ ፊት ስልኩ ላይ ሲወጣ ዓይኖቿ ባበጠው ፊቷ ውስጥ ሊጠፉ ደርሰዋል። ዓይኗ ፊት ብልጭ ብልጭ ይላት እንደሆነ ካሲሚራ ጠየቀቻት። ይለኛል አለች። ባልየው ጀልባውን አስነስቶ በቀጥታ ወደ ከተማው ሆስፒታል እንዲያመጣት አዘዘችው። እሷም ወደቡ ላይ ጠበቀቻቸውና አብራት ሆስፒታል ገባች። በዚያው ቀን በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትየዋም ተረፈች።

ሂሳቡ ሲመጣ ካሲሚራ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የተጨመረባት የዚያ እሑድ ትርፍ ብቻ ነበር። አዲሱ ፓኬጅም በተባለው ቀን ጀምሯል። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጠቆረ።

«ልጅቷ እውነቷን ነበር ማለት ነው» አለች።

በማግስቱ ልታመሰግናት ሱቁ ሄድን። መስኮቱ ጋ ጥርሱ የማይከደን ጎረምሳ ተቀምጧል።

«ዩርሌዲ የት ሄደች?»

«እኛ ጋ አትሠራም። ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?»

«አባረራችኋት?»

«ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?»

ወጣን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሲሚራ ያገኘችውን ሁሉ ስለ ዩርሌዲ ትጠይቅ ጀመር። በመጨረሻ ከገበያው መግቢያ፣ ጃንጥላ ስር የስልክ ሽፋን ስትሸጥ አገኘናት። አሁንም ፊቷ አልተፈታም።

«በኔ ምክንያት ነው ያባረሩሽ?» አለቻት ካሲሚራ።

«ማንም አላባረረኝም፤ ራሴ ነኝ የለቀቅኩት። እዚህ ይሻለኛል፣ ነፋስ አለ።»

«ውሸትሽን ነው።»

«ሽፋን ይገዛሉ ወይስ ይመረምሩኛል?»

ካሲሚራ አንድ ቀይ ሽፋን አነሳች። ዋጋ አልተከራከረችም፤ ይህን ስታደርግ አየሁ ብል ሰፈራችን የሚያምነኝ የለም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አለቻት።

ዩርሌዲ ሽፋኑን አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ይሄ እኮ ለእርስዎ ስልክ አይሆንም።»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም አትግዢ ልትዪኝ ነው?» አለች ካሲሚራ፣ ሽፋኑንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።