ዘይት አጠገብ የቆመ ውሃ

ሠራተኛው ከጀርባዋ «አነፍናፊዋ» ይላታል። በድንች መጥበሻ ፋብሪካው ውስጥ ዐሥራ ሁለት ዓመት ዘይት ፊት ቆማ ጠብሳለች፤ ዘይት ሊቃጠል ሲል ከሁለት ክፍል ማዶ ሆና በጠረኑ ትለየዋለች። ጉልበቷ እምቢ ሲላት የደህንነት ተቆጣጣሪ አደረጓት። እሷም በመጀመሪያው ቀን የእሳት ማጥፊያዎቹን ልያቸው ብላ ተነሣች።

አንዱ ላይ እርጥብ ካልሲ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። የሌላው ቱቦ አፍ በታኘከ ማስቲካ ተወትፏል። ከመጥበሻው አጠገብ ያለው ደግሞ ቅባትና የዝንብ ሬሳ ለብሶ፣ ስትነካው እጇን ይዞ አለቅም አለ። ጠርጋ ጽሑፉን ብታነበው «ውሃ» ይላል። ከዚያ ሁሉ የሚንተከተክ ዘይት አጠገብ፣ ውሃ።

ሥራ አስኪያጁ ፎቅ ላይ ባለው ቢሮው ምሳውን በልቶ ጥርሱን ሲጎረጉር ደረሰች።

«ጋሼ፣ እነዚህን ማን ነው የመረጣቸው?»

«እኔ ነኛ። ምን ሆኑ? ማጥፊያ ያው ማጥፊያ ነው።»

«ውሃ የሚነድ ዘይት ላይ ሲፈስ እሳቱን ጣራ ድረስ ይዞት ይነሣል። ጠባሽ እህቶቼን በቁማቸው ይጠብሳቸዋል።»

«አንቺ ደግሞ አታሟርቺ» አለና ከጥርሱ ያወጣውን ምንጣፉ ላይ እፍ አለው።

ፊቷን አዙራ ወጣች። በማግስቱ ግቢው መሐል በትንሽ መጥበሻ ዘይት አነደደች። ሰዉን ሁሉ ሩቅ አቁማ፣ በረጅም ዘንግ ጫፍ ባሰረችው ጣሳ ጥቂት ውሃ ጠብ አደረገችበት። ነበልባሉ ቦግ ብሎ ከአጥሩ በላይ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ከሾፌሩ ጀርባ ተሸሸገ።

«እና ምን ይሻላል?» አለ፣ ከዚያው ሆኖ።

አስቀድማ አስባበት ነበር። የውሃዎቹ ማጥፊያዎች ታጥበውና ተፈትሸው ወደ ካርቶን መጋዘን ይሂዱ። ለኤሌክትሪክ ሰሌዳው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ይገዛ፤ ውሃማ እዚያ ሰው ይገድላል። ለመጥበሻው ለዘይት እሳት ተብሎ የተሠራው ፈሳሽ ኬሚካል፣ ያውም ቀጭኗ ጠባሽ ሳትንገዳገድ የምታነሣው ዓይነት።

አዲሶቹ መጥተው በተሰቀሉ በሦስተኛው ቀን የመጥበሻ ክፍሉ ማንጠልጠያ ባዶውን ተገኘ። ማጥፊያው ከሥራ አስኪያጁ ወንበር ጎን ቆሟል።

«እንግዶች ይመጣሉ ብዬ ነው» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ። «ይዩትና ትመልሺዋለሽ።»

ማጥፊያውን በትከሻዋ ተሸክማ፣ እያነከሰች ደረጃውን ወረደች። ጠባሾቹ ዞር ብለው መንገድ ለቀቁላት። ከቦታው ሰቀለችውና ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። የዚያን ጥርስ ጎርጓሪ በር እጀታ ነክታ ነበር።