ወንድሜ የተረጎመው ቃል

ጣሊያን ነቀምቴን ሲይዝ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም የመጣ ልብስ ሰፊ፣ እናቴ የዚያው አገር የሌቃ ኦሮሞ ልጅ ነበረች፤ በቤታችን አማርኛና ኦሮምኛ እየተቀላቀሉ ይነገሩ ነበር።

በዚያ ዘመን የምናውቃቸው ቃላት ትርጉማቸው ተለወጠብን። ድሮ እገሌ «ገባ» ሲባል ከገበያ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነበር፤ አሁን ለጣሊያን አደረ ማለት ሆነ። «ጫካ ገባ» ከተባለ ደግሞ አርበኛ ሆኗል። ጣሊያኖቹ አርበኛውን ሽፍታ ይሉታል፤ ለእነሱ ጠመንጃ ያነገተውን አገሬው በሹክሹክታ ባንዳ ይለዋል። አንዷን ቃል ያለ ቦታዋ የተናገረ ሰው ይታሰር ነበር። እናቴ ገበያ ስትልከን «አፋችሁን ጠብቁ» ሳትለን አትለቀንም።

ታላቅ ወንድሜ ከጦርነቱ በፊት ቡና እየገዛ ለጣሊያኖች ከሚሸጥ አንድ ግሪክ ነጋዴ ዘንድ ሲሠራ ጣሊያንኛ ለምዶ ነበር። ይህ በተሰማ ጊዜ ወታደሮች መጥተው ወሰዱትና አስተርጓሚ አደረጉት። አባቴ ከፍቶት «ምላስህን ወሰዱብኝ ልጄ» አለው።

«እምቢ ብል እናንተን ያስራሉ» አለ ወንድሜ። እውነቱን ነበር።

አንድ ክረምት እንደወጣ አጎታችን ተያዙ። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ወደ ዴዴሳ ወንዝ መውረጃ በሬ ጠምደው የሚያርሱ፣ ወንድሜን በትከሻቸው ተሸክመው ያሳደጉ ሰው። ወንጀላቸው ከጫካ የወጡ ሰዎችን አብልተው አሳድረዋል የሚል ነው። ችሎቱ የተቀመጠው በጣሊያኑ መኮንን ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ ሕዝብ እያየ ነበር። እዚያ የሆነውን የነገረችን እናቴ ናት።

መኮንኑ ጠየቀ፤ ወንድሜ በኦሮምኛ ለአጎታችን ነገራቸው። እሳቸውም ሳይቸኩሉ «ደጄ ላይ ቆመው አሳድረን አሉኝ። ኬሱማ ናቸው» አሉ። ኬሱማ ማለት እንግዳ ነው፤ ወንድሜም እንግዳ ብሎ ተረጎመው። መኮንኑ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና ጮኸ። ወንድሜ እንደገና ጠየቃቸው፤ እሳቸው ያንኑ ደገሙ፣ እሱም ያንኑ ተረጎመ። ከኋላው የቆመው ወታደር በሰደፍ ወገቡን ሲለው በጉልበቱ ወደቀ። ሲነሣ ቃሉ ሌላ ነበር። እናቴ ጣሊያንኛ አታውቅም፤ «ሽፍታ» የምትለዋን ግን ጣሊያኖቹም እንደኛው ነበር የሚጠሯት፤ ከልጇ አፍ ስትወጣ ሰማቻት።

ስቅላት ተፈረደ። ይህንንም ለአጎታችን የሚነግራቸው ወንድሜ ነበር። አፉ አልታዘዝ ሲለው እሳቸው ቀደሙት።

«ሂን ሶዳቲን» አሉት፤ አትፍራ። «ገብቶኛል ልጄ።»

በገበያ ቀን፣ ሁሉ በሚያይበት ሰቀሏቸው። አስከሬኑን ማውረድ ስለተከለከለ እናቴ በነጠላዋ ድንጋይ ቋጥራ አሞራ ስታባርር ዋለች። ወንድሜ ቤት ሲመጣ ራቱን አቀረበችለት፤ አላናገረችውም። አባቴ «ቢለውም ባይለውም ይሰቅሏቸው ነበር እኮ» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። «ግን እሱ ባይለው።»

ጥቂት ቆይቶ ወንድሜ ጠፋ። ጫካ መግባቱ ሲታወቅ አባቴን ወስደው ደበደቡት፤ እግሩ ስለተሰበረ የስፌት መኪናውን ዳግመኛ ሊረግጥ አልቻለም። እናቴ ጠላ እየሸጠች አኖረችን።

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ በምዕራብ በኩል የመጡት የእንግሊዝ ወገን ወታደሮች ጦርነቱ «የዓለም ጦርነት» እንደሚባል ነገሩን። አባቴ እግሩን እያሸ «ዓለም እስከዛሬ የት ነበር?» አለ።

ወንድሜ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ተመለሰ። አርበኞቹ መጀመሪያ ሰላይ ነህ ብለው አስረውት፣ በኋላም ውኃ ቀጂ አድርገውት ነበር፤ ጠመንጃ አልሰጡትም። ገበያ ሲወጣ «ባንዳ!» ብለው ጮኹበት፤ ድንጋይ ያነሣም ነበር። ያስጣሉት የአጎታችን ሚስት ናቸው። መሀል ገብተው «ባሌ የመጨረሻ ቃሉን የተናገረው ለዚህ ልጅ ነው» አሉ። «መጥላት ካለ ተራው የኔ ነው፤ እናንተ ሂዱ!»

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ለማንም አላስተረጉምም አለ። አናጢነት ለምዶ በር ሲሠራ ይውላል። ዓመታት አልፈው አንድ ባላባት የአጎታችንን መሬት የኔ ነው ብሎ ያዘ። ፍርድ ቤቱ የሚሰማው በአማርኛ ነው፤ ሚስታቸው ደግሞ ከኦሮምኛ በቀር አያውቁም። መጥተው ወንድሜ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሌላ ሰው ፈልጉ» አላቸው።

«ሌላ ሰው ሐዘኔን አያውቀውም።»

እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። እሳቸው በረጅሙ ተናገሩ፤ ባላቸው እንዴት እንደሞቱ፣ ማን እንደቀበራቸው፣ መሬቱን ማን ሲያርሰው እንደኖረ። ዳኛው ሰልችቷቸው «መሬቱ የኔ ነው ትላለች፤ በቃ አሳጥረው!» አሉ።

«ያሉት እንደዚያ አይደለም፣ ጌታዬ» አለ ወንድሜ። ደግመው ቢቆጡትም ከመጀመሪያው አንሥቶ አንድም ነገር ሳያጎድል ተረጎመው።

መሬቱ ለባላባቱ ተፈረደ። ስንወጣ ሴትየዋ አላለቀሱም፤ ያለቀሰው ወንድሜ ነው፤ መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ ሰው እያየው።

እናቴ ወሬውን ስትሰማ ከዚያ ችሎት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችው። «ነገ ሄደህ ዕቃዋን አምጣ። ከኛ ጋር ትኖራለች» አለችው።

አመጣቸው፤ ጓሮም ክፍል ሠራላቸው። ሁለቱ ሴቶች እስኪያረጁ ድረስ እዚያ ተቀምጠው ስለ አጎታችን ያወሩ ነበር። የወንድሜን ኮቴ ሲሰሙ ግን ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።