ፊርደውስ የምትባል ተማሪ

ፊርደውስ አብዱልዓል በስሟ ከተጠራች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሩሽዲን የወለደች ዕለት ስሟ ከእትብቱ ጋር አብሮ ተቀበረ። ከዚያ ወዲያ ለጎረቤቱም፣ ለወፍጮ ቤቱም፣ ለገዛ ባሏም ኡም ሩሽዲ ናት፤ የሩሽዲ እናት። ቅር ብሏት አያውቅም። በላይኛው ግብፅ፣ በሰዒድ መንደሮች፣ የእናት ስም የቤት ገመና ነው። ወንድ ልጅ በጓደኞቹ ፊት የእናቱን ስም ከሚያነሡበት ጥርሱን ቢያወልቁት ይመርጣል።

ጣጣው የመጣው በስልክ ነው። ኮሮና ገባና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ አውሮፕላን ቆመና ባሏም ኩዌት እንደ ሄደ ቀረ። የሒሳብ አስተማሪው ኡስታዝ ቡርሃን፣ "ከነገ ጀምሮ ትምህርት በዋትስአፕ ነው" ብለው አስነገሩ። ፊርደውስ ዝዮቿን ሸጣ ስልክ ገዛች። ባለ ሱቁ፣ "ዋትስአፑን በማን ስም ላስገባው?" ሲላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ የራሴ ብላ የገዛችው የመጀመሪያ ዕቃ መሆኑ ትዝ አላትና ደረቷን ነፍታ ሙሉ ስሟን ነገረችው። ማን ሊያየው ነው ብላ!

ስድስተኛ ክፍል በሙሉ አየው። በማግስቱ ኡስታዝ ቡርሃን ስም ሲጠሩ በስልኩ ላይ ያለውን እንዳለ አነበቡት፦ "ፊርደውስ አብዱልዓል፣ አለች?" የሳቅ ምስል እንደ ዝናብ ወረደ። የክፍሉ ጉልቤ ነስር ደግሞ ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ ቀድቶ ላከ፦ "ፊርደውስዬ፣ የቤት ሥራሽን ሠርተሻል ወይ?"

ሩሽዲ ስልኩን ፍራሹ ላይ ወረወረው።

"ምን አደረግሽኝ እማ? ምን አደረግሽኝ?"

"ምን አደረግሁህ? ስሜ ነው።"

"እሱማ ነው ችግሩ! 'ሴት ያሳደገው' እያሉኝ ነው። በቃ አልማርም! ቢከፈትም አልመለስም። ከአጎቴ ጋር ጡብ እሠራለሁ።"

እሷም ወደ ሱቁ ሮጣ ሄዳ በስልኩ ላይ ያለውን ስም ኡም ሩሽዲ አስባለችው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ስሙ መንደሩን ሁለት ጊዜ ዞሮት ነበር።

የባሏ ወንድም ዚዳን የጡብ ምድጃ አለው፤ ሠራተኛ ደግሞ አጥቷል። ወሬውን ሲሰማ እየሳቀ መጣ።

"ተይው ኡም ሩሽዲ። ይኼ በሽታ እስኪያልፍ ለጊዜው ጡብ ይደርድር፣ ወንድ ይሁን።"

"በአሥራ ሁለት ዓመቱ?"

"እኔ የጀመርኩት በስምንት ዓመቴ ነው።"

"እሱማ ያስታውቃል" አለችው።

አፏ ደፈረ እንጂ ሆዷ ፈርቶ ነበር። እሷንም ከአራተኛ ክፍል ሲያስወጧት "ለጊዜው ነው፣ እናትሽ እስኪሻላት" ብለዋት ነበር። እናቷ ተሻላት፤ ለጊዜው የተባለው ግን እነሆ እስከ ዛሬ አላለቀም። የዚች አገር "ለጊዜው" ስንቱን ልጅ በልቷል!

ልጁ አልማርም ካለ እንግዲህ እናቲቱ ትማር። ጠዋት ጠዋት ሩሽዲ ወደ ጡብ ምድጃው ሲሄድ፣ እሷ ዶሮዎቿን ጥሬ በትና ስልኩን የዱቄት ጣሳው ላይ ታስደግፍና የሩሽዲን ደብተር ትዘረጋለች። ኡስታዝ ቡርሃን የሚልኩትን ገጽ አንድ በአንድ ትገለብጣለች፣ ጥያቄውንም እንደቻለች ትሠራለች። ጽሕፈቷ ዶሮዎቹ የጫሩት ይመስላል። ሰባት ሲባዛ በስምንት ላይ ሁልጊዜ ትሰናከላለች። ሲመሽ ደብተሩን ትራሱ አጠገብ አስቀምጣ ትሄዳለች። ልጁ ጡብ የላጠው እጁን አጣጥፎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እሷም አትለምነውም።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ጠዋት ደብተሩን ስትከፍት የጻፈችው 54 በቀይ እርሳስ ተሰርዟል። ከጎኑ 56 ተጽፏል። ከግርጌው ደግሞ፣ "ደካማ። ተግተሽ አጥኚ።"

ፊርደውስ ደብተሩን ደረቷ ላይ አድርጋ ብቻዋን ሳቀች፣ ከዚያም አለቀሰች። ለሩሽዲ ግን ትንፍሽ አላለችም፤ የፈራ ወፍ በጭብጨባ አይጠራም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳንዴ እያወቀች ትሳሳት ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የእውነቷን ነው።

በጥቅምት ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ግማሹ ሳምንት በክፍል፣ ግማሹ በስልክ ተባለ። ሩሽዲ ማንም ሳያዘው ዩኒፎርሙን ለበሰ፤ እጅጌው አጥሮታል።

"እስከ ትምህርት ቤቱ ግንብ ጥግ ብቻ ነው የምትሸኚኝ" አላት።

"እስከ ጥጉ ብቻ።"

አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ሰልፉ ውስጥ ሲገባ እሷ ከግንቡ ጀርባ ቀረች። ዘበኛው ዓም ጀበር፣ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ፣ በሩ ላይ መዝገብ ይዘው ቆመዋል።

"የተማሪ ስም! ቀጥሎ ትምህርት የሚላክበት ስልክ የማን እንደሆነ፣ ሙሉ ስም እንደ መታወቂያው! ቀጥል!"

ፊርደውስ ከግንቡ ጀርባ አንገቷን አወጣች። አሁን ይሮጣል፣ አለች በልቧ። አሁን ዞሮ ወደ ጡቡ ይሮጣል።

ከሩሽዲ ፊት የቆመው ነስር ነበር። ጉልቤው በአፍ መሸፈኛው ሥር አንድ ነገር አንሾካሾከ።

"ምን? አልሰማሁም!" አሉ ዓም ጀበር።

ደግሞ አንሾካሾከ።

"አንተ ልጅ፣ ስልኩ የማን ነው? የአባትህ ነው?"

ነስር ጆሮው ድረስ ቀላ። ስልኩ የአባቱ ሳይሆን የእናቱ እንደሆነ ሰልፈኛው ሁሉ ገባው፤ ከኋላ ሳቅ ጀመረ። ነስር ዞሮ ሩሽዲን አየው፤ ዱላ የሚጠብቅ ልጅ አስተያየት ነበር።

ሩሽዲ ከጎኑ አልፎ ወደ ፊት ወጣ።

"ዓም ጀበር፣ እኔን ያስቀድሙኝ" አለ። መሸፈኛውን አገጩ ላይ አወረደ፣ እስከ ሳንባው ድረስ አየር ሳበና ጮኸ፦ "ሩሽዲ! ስልኩ የእናቴ ነው! ፊርደውስ አብዱልዓል!"

ሰልፉ ጸጥ አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንዲት ሴት ከግንቡ ጀርባ፣ ሳታስበው፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ስሟን በክብር የጠራላት ሰው ስታገኝ፣ "አቤት!" አለች።