የኤፊ ትሬዊን የአበባ መደብ

በኛ ትንሽ ከተማ፣ በታሎው ክሪክ፣ ኤፊ ትሬዊንን የሚያውቃት ሁሉ በሆቴል ልብስ አጣቢነቷ ነው የሚያውቃት። እኔ ግን አብሬያት ተምሬአለሁ፤ አስተማሪ መሆን የነበረባት እሷ ነበረች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው። ትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል፣ አንድ አስተማሪና አሥራ ዘጠኝ ልጆች ነበሩት። ለእያንዳንዳችን አጥሩ ሥር አንድ አንድ የአበባ መደብ ተሰጥቶን ዓርብ ዓርብ እንኮተኩት ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ የኛ መደብ ደርቆ አመድ ሆነ። ኤፊ ግን የዕቃ እጣቢ ውኃ በላምባ ቆርቆሮ ይዛ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሯ እየመጣች መደቧን ታጠጣለች፤ የሷ ብቻ አበበ። የቆርቆሮው ሽቦ መዳፏን ልጦት አይቻለሁ።

አስተማሪያችን ሚስተር ሃዶው፣ አንቱ ልለው አልፈልግም፣ ቃል ገብቶላት ነበር። "የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተሩ መደብሽን ይዩት ብቻ፤ ረዳት አስተማሪ እንዲያደርጉሽ እኔው እነግራቸዋለሁ" ብሏታል። አሥራ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ይህ ካልተሳካ አባቷ ሆቴል ሊያስገቧት ተነጋግረው ጨርሰዋል።

ኢንስፔክተሩ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ስንደርስ ሚስተር ሃዶውን የኤፊን አበቦች በመቀስ ሲቆርጥ አገኘነው። አንድም አላስቀረ። ለእያንዳንዳችን አራት አራት አደለንና "በየመደባችሁ ሰክታችሁ ውኃ አርከፍክፉ፤ ቶሎ በሉ!" አለን።

ኤፊ ቆርቆሮዋን እንደተሸከመች ደረሰች።

"መምህር፣ የኔ ነው እኮ!"

"የትምህርት ቤቱ ነው። ለኢንስፔክተሩ አስረዳለሁ፤ እመኚኝ።"

አመነችው። እኔም የደረሰኝን ሰካሁ።

ኢንስፔክተሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመደቦቹ መሀል ተንጎራደዱ። "ግሩም ነው! ግሩም!" አሉ። አበባው ተቆርጦ ግንዱ ብቻ የቀረው የኤፊ መደብ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄንስ ፍየል ገባበት እንዴ? የማን ነው?"

"የኔ ነው ጌታዬ" አለችና ሚስተር ሃዶውን አየችው። ሁላችንም አየነው።

እሱ የኪስ ሰዓቱን አወጣ። "በየትምህርት ቤቱ አንድ ሰነፍ አይጠፋም" አለ።

አጠገቧ ቆሜ ነበር። አንዱን አበባ መዝዤ ሥር እንደሌለው ባሳያቸው ጉዱ ይወጣ ነበር። ነገር ግን ኢንስፔክተሩ ወደ እኔ መደብ ዞር ብለው "ይቺ ደግሞ ታታሪ ናት! ስምሽ ማነው?" አሉኝ።

"ክላራ ቦልት ነኝ ጌታዬ" አልኩ።

ጋሪያቸው ሄዶ ምሳ ሳይደርስ አበቦቹ በሙሉ ጠወለጉ። ልጆቹ ሳቁ። ኤፊ አላለቀሰችም። "አንቺም ክላራ?" ብላኝ ባዶ ቆርቆሮዋን አንስታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

ሚስተር ሃዶው በዓመቱ ዕድገት አግኝቶ ወደ ከተማ ተዛወረ። ረዳት አስተማሪነቱ ለኔ ሆነ። ኤፊ ሆቴል ገባች፤ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፤ የሰው አንሶላ ማጠቧን ግን አልተወችም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ያ ሰላምታዋ ነው የሚያቃጥለኝ።

አንድ ቀን ልጇን ልታስመዘግብ መጣች። ስንት ዓመት ያጠናሁትን ይቅርታ ልጀምር አፌን ከፈትኩ።

"ኤፊ፣ ያን ቀን እኮ..."

"ተይው፤ ለሱ አልመጣሁም። ማንበብ አስተምሪልኝ። መደብ ግን እንዳትሰጫት።"

ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። "እማዬ፣ ለምን?"

"መምህርትሽ ታውቃለች፤ እሷን ጠይቂያት" አለችና ወጣች።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ መልስ ስትጠብቅ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ስሟን መዝገቡ ላይ መጻፍ ጀመርኩ።