የተጨበጨበለት ቤተ ሙከራ

ባለቤቴ በፋካልቲያችን ውስጥ የቋንቋ ቤተ ሙከራውን የሚጠቀም ብቸኛው መምህር ነው። ሚስቱ ስለሆንኩ ማጋነኔ እንዳይመስላችሁ፤ የፋካልቲው ጸሐፊ እኔ ነኝ፣ ዲናችን በስብሰባ ሲናገሩት ሰምቼ በቃለ ጉባኤ ጽፌዋለሁ። ሌሎቹ መምህራን ቤተ ሙከራውን በጣም ከማክበራቸው የተነሳ በሩን አይነኩም። አንዷ ማዳመጫው ፀጉሬን ያበላሽብኛል ትላለች። አንዱ የማይኩን ቁልፍ ተሳስቶ ተጭኖ በስልክ ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ለተማሪው ሁሉ ካሰማ ወዲህ አልተመለሰም። አንድ አንጋፋ መምህር ደግሞ «እኔ የተማርኩት ያለ ማሽን ነው» ይላል፤ ሲያስተምር የሰማው ሰው ይህን አይጠራጠርም።

የእኔ ሰውዬ ግን ጠዋትም እዚያ፣ ከሰዓትም እዚያ ነው። ተማሪዎቹ በጣውላ በተከለሉት መቀመጫዎች ገብተው ማዳመጫቸውን ያጠልቃሉ፤ እሱ ከፊት ካለው ትልቅ ጠረጴዛ ሆኖ የእያንዳንዳቸውን ቁልፍ እየተጫነ ያዳምጣል፣ ያርማል። ባልደረቦቹ «ቴክኖሎጂው» የሚል ስም አወጡለት። ዘመኑን የቀደመ ሰው ነው ተባለ።

ምንም አልቀደመም። ጆሮው አይሰማም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ክፍል ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ቢጠይቀው ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ድምፅ መጨመሪያውን እስከ ጥጉ ያዞረዋል፣ የሁሉንም ልቅም አድርጎ ይሰማል። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው «ጆሮዬ ደህና ነው፤ ሰዉ ነው ማጉተምተም ያበዛው» ይለኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እንዲህ ማለት አይመስለኝም ነበር። እውነቱን ግን አውቃለሁ፤ የማይሰማ የቋንቋ መምህር ምን ይረባል ብለው ያሰናብቱኛል ብሎ ነው የሚፈራው። እኛ ፋካልቲ ውስጥ ሰው የሚከበረው እንከኑ እስኪታወቅ ስለሆነ አልፈረድኩበትም።

የቤታችንን ነገርማ አታንሱት። የእህቴን መሞት በስልክ ተረድቼ ስነግረው፣ ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያነሳ «ጥሩ ነው፣ ሰላም በያት» ብሎኛል። ቀና ብሎ ዕንባዬን ሲያይ ነው የደነገጠው። ያን ቀን ጮህኩበት። ጎረቤት ሁሉን ሰማ፤ እሱ ግማሹን ሰማ።

ከዚያ በኋላ መላ ዘየድን። በምሳ ሰዓት ቢሮዬን ቆልፌ ወደ ቤተ ሙከራው እሄዳለሁ። ከመስኮቱ አጠገብ ካለው መቀመጫ ገብቼ ማዳመጫውን አጠልቃለሁ፤ እሱ ከጠረጴዛው ሆኖ ቁልፌን ይጫናል። «እሺ፣ ጀምሪ» ይለኛል፤ ልማድ ሆኖበት። ትልቋ ልጃችን እንደታጨች የነገርኩት በማይክ ነው። የጣሪያው ማፍሰስ፣ የታናሽ ወንድሙ ኩርፊያ፣ ሁሉም የሚያልቀው እዚያ ነው። ተጣልተንም የምንታረቀው እዚያው ነው። ማታ ቤታችን ስንገባ ፀጥ ስለምንል ጎረቤት «እንዴት ያሉ የተግባቡ ባልና ሚስት» ይለናል። ወሬዬ ሲረዝም ድምፁን እንደሚቀንሰው ደርሼበታለሁ፤ አውቄ ዝም ብዬዋለሁ።

እንዲህ በሰላም ስንኖር ዲናችን አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ባለቤቴ ለመምህራኑ ሁሉ ሥልጠና ይስጥ አሉ፤ በአዳራሽ፣ ከጥያቄና መልስ ጋር። ይህን ስነግረው ላብ አጠመቀው።

«እዚሁ ቤተ ሙከራ ካልሆነ አይሆንም በያቸው» አለኝ። «ተግባራዊ ሥልጠና ነው በያቸው።»

ተግባራዊ የሚለው ቃል ዲናችን ፊት የማይከፍተው በር የለም። ተፈቀደ።

በሥልጠናው ቀን ምሁራኑ ሁሉ እንደ ተማሪ በየመቀመጫቸው ገቡ። ፀጉሯን የምትሳሳለትም ማዳመጫውን አጠለቀች፤ አንጋፋው መምህር ማይኩን ገልብጦ ይዞ ተናገረ። ባለቤቴ አንድ በአንድ እየጠራ የጠየቁትን ሁሉ መለሰላቸው፤ አንድም አላመለጠውም። ለዓመታት በስብሰባ ማንም ማንንም አዳምጦ ስለማያውቅ ነገሩ ብርቅ ሆነባቸው።

ከዚያ ለመዝጊያ ንግግር ወደ አዳራሹ አለፍን። ዲናችን ተነሱ።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል» አሉ። «ምን ዓይነት ንብረት እንዳለን ዛሬ ገባን። እንዲህ ያለ ዕቃ ተማሪ ሁሉ እየነካካው ስንት ጊዜ ይቆያል? ስለዚህ ከመጪው ወር ጀምሮ ይቆለፍና እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይከፈታል። ትምህርቱ ወደ ክፍል ይመለሳል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ደመቀ። እኔ እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ቀረ። ባለቤቴ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ፊቱ በርቷል፤ ሰዉ ሲያጨበጭብ አይቶ ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበ። አልፎም ተነስቶ «የልፋቴን ዋጋ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ» አለ። ይህንንም ጻፍኩት፤ እንጀራዬ ነውና።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከመስኮቱ አጠገብ ገብቼ ተቀመጥኩ።

«እሺ፣ ጀምሪ» አለኝ።

«ትናንት ያጨበጨብከው ቤተ ሙከራው እንዲቆለፍ ነው» አልኩት።

ድምፅ መጨመሪያውን አዞረው። ደግሜ ነገርኩት።

«ታዲያ አንቺን በምን ልሰማሽ ነው?» አለኝ።

ስለ ሥራው ያነሳል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ማይኩን ሳላርቅ አለቀስኩ፣ እሱም ቁጭ ብሎ ሰማኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ እጁን አወጣና ቆመ።

«ባለፈው ያጨበጨብኩት ሳልሰማ ነው» አለ። «ጆሮዬ አይሰማም፤ ከጀመረው ቆይቷል። ቤተ ሙከራውን የሙጥኝ ያልኩት ሌላ ቦታ ስለማልሰማ ነው። እባካችሁ ጭብጨባዬን መልሱልኝ።»

ሁሉም ወረቀት ወረቀቱን ማየት ጀመረ። ዲናችን አልሰማም ላላቸው ሰው በአክብሮት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ነገሩ ከባድ ስለሆነ የሚያጠናው ኮሚቴ ይቋቋም» አሉ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። በሰው ፊት ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

«ምን አሉ?»

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። አጠገቡ ቆሜ በጆሮው ጮህኩለት። «ኮሚቴ ይቋቋም አሉ!»

«እስከዚያስ?»

ዲናችንን አየኋቸው፤ እሳቸው ጠረጴዛውን አዩ።

«እስከዚያ እንደተከፈተ ይቆይ አሉ!» ብዬ ጮህኩ።

ያረመኝ ሰው የለም። ተመልሼ ተቀመጥኩና ቃለ ጉባኤው ላይ እንደዚያው ጻፍኩት።