የአባ ሞገስ ግራ ዓይን

ባለፈው ሳምንት አንድ ግብዣ ደረሰኝ። እምነትንና ሥነ ልቦናን አጣምሮ የሚያስተምር ኮሌጅ ለአዳዲስ የዶክትሬት ተማሪዎቹ ንግግር እንዳደርግ ይጠይቃል። የምናገርበትን ርዕስ እንኳ ለእኔ አልተዉትም፤ «ከኀፍረት ነጻ መውጣት» ይላል።

ዛሬ ዛሬ ኀፍረት እንደ አሜባ የሚታከም በሽታ ሆኗል። መጻሕፍቱም፣ ሰባኪዎቹም፣ በስልክ የሚለቀቁት አጫጭር ቪዲዮዎችም በአንድ አፍ «ጣሉት፣ ይቅለላችሁ» ይሉናል። ቅልል ያለ ሰው ሞልቷል፤ በየስብሰባው አያቸዋለሁ። እኔ ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ የያዝሁት አንድ ኀፍረት አለኝ፤ ላቅልልህ የሚለኝን ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ያን ጊዜ ናይሮቢ ውስጥ በአንድ የክርስቲያን ኮሌጅ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት እማር ነበር። ክፍለ ጊዜው በጸሎት ይከፈታል፤ ከአሜን ቀጥሎ ሰው ራሱ ስለማያውቀው ስለ ውስጡ ፍላጎት እንማራለን። መምህራኖቻችን ደጎች ነበሩ። የሰው ነፍስና የሰው አእምሮ የአንድ እጅ ሥራ ስለሆኑ ሐኪማቸውም አንድ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ሐሳቡ ዛሬም አያስጠላኝም። ያስጠላኝ ሐሳቡን ይዞ የመጣው ልጅ፣ እኔው ራሴ ነኝ።

ለተግባር ልምምድ የትውልድ ከተማዬን መርጬ ደብረ ታቦር ገባሁ። ክረምቱ እየወጣ ነበር። ጧት ጧት ጉና ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ይውላል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ገበያው ዳር ሴቶች ትኩስ ድንች ቅቅል ከሚጥሚጣ ጋር ይሸጣሉ። የሰፈራችን ደብር በግቢው ጥግ፣ ቀድሞ ጧፍ ይከማችበት የነበረውን ክፍል ፈቀደልኝ። ግድግዳው ሰም ሰም ይሸታል። መቀመጫ የሚሆን ሁለት ዱካ አስገባሁና ሥራ ጀመርሁ።

የመጣው ሰው ብዛት አስደነቀኝ። ይበልጥ የደነቀኝ ግን ሁሉም ስለ ዓይኑ ማውራቱ ነው። አንዷ የልጇን ሽፋሽፍት ገልብጣ ታሳየኛለች፤ አንዱ ሽማግሌ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል ይላል። ለምን ዓይን? ብዬ ሳስብ አደርሁ። መልሱ በራፌ ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን ወደ መጻሕፍቴ ሄድሁ። የደጋው ሰው ሐዘኑን በአፉ ስለማይናገር በዓይኑ ያመዋል የሚል ነገር ጽፌ ናይሮቢ ላለው ተቆጣጣሪ መምህሬ ላክሁ። በጣም ወደደው።

ከመጡት መካከል የአባቴ የንስሐ አባት አባ ሞገስ አሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ለቀልድ የማይሰስቱ ቄስ ነበሩ። ሕፃን ሳለሁ ቅዳሴ ላይ ስተኛ በመቋሚያቸው ጫፍ ይነኩኝ ነበር።

«በሩን አየዋለሁ፣ መቃኑን አላየውም» አሉኝ። «ሰው በግራዬ ሲመጣ ድንገት ከመሬት የበቀለ ይመስለኛል።»

«መቼ ጀመረዎት አባ?»

«ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ነው መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ እኔ መስማት አቆምሁ። መጽሐፉ ሔዋን ከአዳም ጎን ተወሰደች ይላል፤ አገራችን ደግሞ ግራ ጎኑ ነው ትላለች። ሚስታቸው የሞተችባቸው ቄስ በግራቸው ያለው ዓለም ጠፋባቸው። እምነትና ሥነ ልቦና እንዲህ ተቃቅፈው በእግራቸው ወደ ክፍሌ ሲገቡ በትምህርት ዘመኔ አይቼ አላውቅም። በአንደኛው ዓመት የተማርነው የመጀመሪያው ነገር ከሁሉ በፊት የአካል ሕመም አለመኖሩን አጣራ የሚል ነበር። አላጣራሁም። ታሪኩ አምሮብኝ ነበር።

እናም በየሳምንቱ ስለ ባለቤታቸው ጠየቅኋቸው። እንዴት እንደኖሩ፣ በምን እንደተጣሉ፣ በመጨረሻዋ ሌሊት ምን እንደተባባሉ። እሳቸው በመጀመሪያ ይገረማሉ፣ ቀጥሎ ጣታቸውን ያያሉ፣ ከዚያ ይመልሱልኛል። አንድ ቀን አለቀሱ። የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም። ኮሌጁ እንዳስተማረን መጨረሻ ላይ እጸልይላቸው ነበር፤ ክህነት የሌለኝ ልጅ ለቄስ! እሳቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «ጸልይ ልጄ፣ ጸልይ» ይሉኛል። ሲወጡ የበሩን መቃን በትከሻቸው ይገጩታል። እኔ ያንንም ጽፌዋለሁ።

አንድ ሰንበት ከሰዓት በኋላ አባቴ መጡ። አባቴ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መቃኑን ተሳለሙና ታካሚ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«እንደምን ዋሉ?» አሉኝ።

ሣቅሁ። በቤታችን አንቱታ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄድ። እሳቸው አልሣቁም።

«አባባ፣ ምነው?»

«ይስሙኝ ብዬ ነው የመጣሁ።»

በአገራችን ልጅ ሲቀስስ አባቱ አንቱ ይለዋል፣ መስቀሉንም ይሳለማል። ጎረቤታችን እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። እኔ ግን መስቀል አልነበረኝም፤ እጄ ላይ የነበረው እስክሪብቶ ነው። ዘመድ ማከም እንደማይፈቀድልኝ፣ የሙያው ሕግ እንደሆነ ማስረዳት ጀመርሁ።

«ዘመድ ሆኜ አልመጣሁም» አሉ። «ለንስሐ አባቴ የማልናገረው ነገር ነው፤ የሠራሁት በሳቸው ላይ ነውና። አንቱ ደግሞ ሃይማኖቱንም ሕክምናውንም ባንድነት ተምረዋል። ሌላ ወዴት ልሂድ?»

ሕጉን ረሳሁትና እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ።

እኔ ናይሮቢ እንደገባሁ የማኅበር ጽዋ ላይ ልጅህ ምን ይማራል ይሏቸዋል። «በክርስቲያን ኮሌጅ ስለ አእምሮ ይማራል ብል፣ ልጁ መነፈቀ ይሉኛል። ወይ ከእብድ ጋር ነው የሚውል ይሉኛል። ዶክተር ሊሆን ነው ብዬ ልለፍ ስል አባ ሞገስ የምኑ ብለው ያዙኝ። ዓይናቸውን ሲያሹ አየሁ። የዓይን አልሁ።»

«የዓይን?»

«አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ሄደው ይታዩ ሲሏቸው የወዳጄ ልጅ ይመጣልኛል ይላሉ። አንቱም መጡ፤ እሳቸውም እዚህ ይመላለሳሉ። ዛሬ ጽዋውን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ጨበጡ። ሰው ሣቀ። እኔ ጠላው አልዋጥ አለኝ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ቀኖናውን ይንገሩኝ።»

የሽማግሌው አሸዋ፣ የሕፃኑ ሽፋሽፍት፣ ያ ሁሉ ሰልፍ ባንድ ጊዜ ገባኝ። ፊቴ ነደደ።

«ይነሡ አባባ፣ አብረን እንሂድ» አልሁ።

አባ ሞገስ ደጃቸው መደብ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አጠገባቸው የተሰጣውን ገብስ ዶሮ ይለቅመዋል። ዶሮዋ በግራቸው ስለሆነች አላዩዋትም። አባቴ ጉልበታቸው ላይ ወድቀው የዓይኑን ነገር ነገሯቸው። እኔም የእኔን ጨመርሁ፤ የዓይን ሐኪም እንዳልሆንሁ፣ መርፌም ጠብታም እንደሌለኝ፣ ሥራዬ ማዳመጥ እንደሆነ፤ ይቅርታም ጠየቅኋቸው።

አባ ሞገስ አባቴን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያ ስለ ባለቤቴ ያን ሁሉ የጠየቅኸኝ ለምን ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ነበረኝ። ምንጭ ጠቅሼ ልመልሰው እችል ነበር።

«ለዓይኔ መስሎኝ ነው የነገርሁህ» አሉ ቀስ ብለው። «ዘንድሮ ሕክምናው እንዲህ ሆኗል ብዬ፣ ለእኔ የንስሐ አባት እንኳ ያልነገርሁትን ነገርሁህ።»

ገብሱን የምትለቅመውን ዶሮ አባቴ ተነሥተው እሽ አሏት።

በማግሥቱ ባሕር ዳር ወሰድኋቸው። መናኸሪያው ውስጥ እጃቸውን ይዤ ሳልፍ ሰው ሁሉ «ዶክተር፣ የተባረክህ ነህ» ይለኛል። ለአንዱ አስተባብዬ ለሌላው አልበቃ አልሁ፤ በመጨረሻ አንገቴን ደፍቼ ምርቃቱን እንደ ዝናብ ተቀበልሁ። ወረታ ስንደርስ የሩዙ ማሳ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። አባ ሞገስ የማላውቀው ሰው ሆነው በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያዩ ዋሉ፤ ምን ያህሉን እንደሚያዩት አልጠየቅሁም።

ወጣቱ የዓይን ሐኪም በመሣሪያው አይቶ የዓይን ግፊት ነው አለ። የግራው አልቋል፤ የቀኙ በጠብታ ሊቆይ ይችላል። «ምነው አባቴ፣ እስካሁን ምን ይዞዎት ነው?»

«ሐኪም ስጠብቅ» አሉ።

ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ለአባቴ ቀኖና ሰጡ። ጧትና ማታ እየመጣህ ጠብታውን አንተ ታደርግልኛለህ፤ ወይ አንተ እስክትሞት ወይ እኔ እስክሞት አሏቸው። «ልጅህን የዓይን ሐኪም ያልኸው አንተ ነህ። ሙያው በቤትህ ይቅር» ብለው ሣቁ። አባቴም እያለቀሱ ሣቁ። እኔ ለእኔስ አባ ብል፣ «ለአንተ የለኝም» አሉ። «አባትህ ንስሐ ገባ። አንተ ይቅርታ ነው የጠየቅኸኝ።» ልዩነቱን አላብራሩልኝም።

ለተቆጣጣሪ መምህሬ ስልክ ደውዬ ሁሉን ነገርሁት። ደግ ሰው ነው፤ በስልኩ አብሮኝ ጸለየና «ራስህን ይቅር በል» አለኝ። ስልኩን ስዘጋ በእርግጥም ቀለለኝ። የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ አባ ሞገስ ያንኑ ሰዓት መቃን እየዳበሱ ነበር፣ እኔ ቀለለኝ። ትምህርቱን ጨርሼ ማዕረጉን ተቀበልሁ፤ ከዚያ ወዲህ ታካሚ ተቀብዬ ግን አላውቅም። ጽሑፍ ይሻላል፤ አንባቢ ሲሰለቸው መጽሐፉን ይዘጋል፣ ሚስቱ ስትሞት ምን እንዳለች አልጠይቀውም።

አባቴ ቀኖናቸውን አንድም ቀን ሳያጎድሉ ዓመታት ፈጸሙ። ጥቂት ዓመት ሆናቸው ካረፉ። አባ ሞገስ አሁንም አሉ፤ ቀኙ ዓይናቸው ፊት ይለያል። ጠብታውን ዛሬ የልጅ ልጃቸው ታደርግላቸዋለች፤ መንገዱ ሲፈቅድና ደብረ ታቦር ስደርስ ግን እሷን ያስነሡና ብልቃጡን ለእኔ ይሰጡኛል። «የዓይን ሐኪሜ መጣ» ይላሉ ጎረቤት እንዲሰማ። አንገታቸውን ወደ ኋላ ያደርጋሉ። ሽፋሽፍታቸውን በጣቴ እገልጣለሁ፤ ስስ ነው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። ባለፈው ጊዜ እጄን ዘርግቼ ሳለሁ፣ ጤንነታቸውን ልጠይቅ ብዬ ነው መሰለኝ፣ አፌን ከፈትሁ።

«ምንም አትጠይቀኝ» አሉ። «ጨምርና ዝም በል።»

ጨመርሁና ዝም አልሁ። ለግብዣው እስካሁን አልመለስሁም። ከሄድሁ ግን ርዕሱን ይቀይሩልኝ እላለሁ። ኀፍረት ከእኔ ጋር ሆኖ የሠራው ሥራ ቢኖር ይኸው ነው፤ የአንድ ሽማግሌ ዓይን ላይ አጎንብሼ አፌን እንድይዝ አድርጎኛል።